ሰልፋ የሚበሉ ባክቴሪያዎቼ አንድ ላይ ሲሆኑ ይሠራሉ፣ ስለያያቸው ያቆማሉ። ምን ላድርግ?

ዝቃጭ_አጥኚ፦
ሰላም ለሁላችሁም፣ ትንሽ ይረዝማል ግን እባካችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ፣ 4 ወር ሙሉ ሌላ ነገር ማሰብ ያቃተኝ ጉዳይ ነው። ከፍሳሽ ማጣሪያ፣ አየር ከሚነፋበት ገንዳ ዝቃጭ ወስጄ ሰልፋሜቶክሳዞል ብቻ እየመገብኩ ማሳደግ ጀመርኩ (ኮትሪሞክሳዞል የሚባለው ክኒን ውስጥ ከትራይሜቶፕሪም ጋር ያለው ሰልፋ ማለቴ ነው)፣ ሌላ ካርቦን ምንም የለም፣ ሰልፋውን መብላት የቻለ ይኖራል ያልቻለ ይራባል። መጀመሪያ ምንም ለውጥ የለም፣ ሳምንታት አለፉ፣ ግን ትንሽ ትንሽ እየቀዳሁ ወደ አዲስ ሚዲያ (ማሳደጊያ ውህድ) ሳዛውር ሳዛውር አንድ ቀን ስለካ ሰልፋው የለም! ደግሜ ለካሁ፣ አሁንም የለም። ደስታዬን ልነግራችሁ አልችልም።

ከዛ እንደተማርነው ፔትሪ ሳህን ላይ ዘርግቼ ኮሎኒ (ከአንድ ባክቴሪያ የተባዛ ነጠብጣብ) መለየት ጀመርኩ። ቶሎ የምትበቅል አንዲት አለች፣ ሁሌ ጎልታ የምትወጣው እሷ ናት፣ አጠራኋትና ብቻዋን ሰልፋ ሰጠኋት፣ አትነካውም። ሌሎቹንም በየተራ ሞከርኩ፣ አንዳቸውም አይነኩትም። ወደ ድሮው ጠርሙስ ተመልሼ ቅልቅሉን ስወስድ ግን ሰልፋው በቀናት ውስጥ ያልቃል። አማካሪዬ ንጹህ ስትሬይን (ለብቻዋ የተለየች አንድ ዓይነት ባክቴሪያ) ካላመጣሽ ይሄ ሥራ አይባልም ይላል። እኔ ደግሞ እነዚህ ነገሮች ተባብረው ነው የሚሠሩት የሚል ስሜት እየበረታብኝ መጣ። ተሳስቼ ነው? እንዲህ ያጋጠመው ሰው አለ?

ሁለት_ኮሎኒ፦
እህቴ አይዞሽ፣ አልተሳሳትሽም። ልክ ይሄው ታሪክ ፖርቱጋል ውስጥ ያሉ ተመራማሪዎችን አጋጥሟቸዋል። አክሮሞባክተር ዴኒትሪፊካንስ ፒ-አር-1 የምትባል ከዝቃጭ አገኙ፣ ሰልፋ የምትበላው እሷ ናት ተባለ፣ በኋላ ግን ሰልፋውን የሚቆርጠውን ጂን ሲፈልጉ እሷ ጋ የለም። ጂኑ የተገኘው እዛው ጠርሙስ ውስጥ ተደብቃ በነበረች ከሉኮባክተር ወገን በሆነች ጂ-ፒ በተባለች ባክቴሪያ ውስጥ ነው፣ ቁጥሯ ትንሽ፣ ብቻዋን ሚዲያ ላይ አልበቅልም ያለች። እስከ ዛሬም ስሟ ፊት ካንዲዳተስ የሚል ቃል የሚቀጠልላት ለዛ ነው፣ በንጹህ ተለይታ ስላልተያዘች። ሥራውን የምትሠራው እሷ፣ እሷን በሕይወት የምታቆያት ደግሞ አክሮሞባክተሯ። ሁለቱ ሲለያዩ ሥራው ይቆማል።

ስለዚህ ያቺ ጎልታ የምትወጣብሽ ኮሎኒ ምናልባት አጋዧ እንጂ በላተኛዋ አይደለችም። ፔትሪ ላይ ቶሎ የምትበቅለው ሁሌ ዋናዋ ናት ማለት አይደለም፣ ይሄን ብዙ ሰው ይረሳዋል።

ደግሞ አዲስ ነገር እንዳይመስልሽ። ሜታኖባሲለስ ኦሜሊያንስኪ የምትባል ኢታኖልን ወደ ሚቴን የምትቀይር አንዲት ፍጥረት አለች ተብሎ ለዓመታት ሲጻፍ ኖሯል፣ በ1967 እነ ብራያንት ሲያጣሩ አንዲት ሳትሆን ሁለት ሆነው ተገኙ። አንደኛዋ ኢታኖሉን በልታ ሃይድሮጅን ትለቃለች፣ ሌላኛዋ ሃይድሮጅኑን ወስዳ ሚቴን ታደርገዋለች፣ ሃይድሮጅኑ ካልተወሰደላት የመጀመሪያዋ መብላት ታቆማለች። አማካሪሽን ይሄን አሳዪው።

አዲስ_ገቢ፦
ይቅርታ ውይይቱን ላቋርጥ፣ እኔ ባዮሎጂ አልተማርኩም ግን ነገሩ አሳሰበኝ። አንቲባዮቲክ ባክቴሪያን የሚገድል መድኃኒት አይደል እንዴ? እንዴት ብለው ነው የሚበሉት? ደግሞስ ወንዝ ውስጥ ያለው እኮ በጣም ትንሽ ነው ይባላል፣ ታዲያ ይሄን ያህል ምን ያስጨንቃል?

ዝቃጭ_አጥኚ፦
@አዲስ_ገቢ ምንም ይቅርታ አያስፈልግም፣ ጥሩ ጥያቄ ነው። መግደልና መመገብ ሁለት የተለያየ ነገር ነው። ሰልፋ ባክቴሪያዋን የሚያስቆማት ፎሌት (ለማደግ የሚያስፈልጋት ቫይታሚን) የምትሠራበትን ኢንዛይም በመዝጋት ነው። ያ ኢንዛይም የማይዘጋ ዓይነት ሌላ ቅጂ ካላት (ሰል-1 የሚባለው ጂን እሱን ነው የሚሰጣት) መድኃኒቱ አይነካትም፣ ከዛ በኋላ ሰልፋው ለእሷ ካርቦንና ናይትሮጅን ያለበት ሞለኪውል ነው በቃ። በ2008 እነ ዳንታስ ከ11 ቦታ አፈር ወስደው 18 ዓይነት አንቲባዮቲክ ብቸኛ ምግብ አድርገው ሰጡ፣ ብዙዎቹን እየበሉ የሚያድጉ ባክቴሪያዎች ተገኙ። የሚገርመኝ ደግሞ ሰልፋ እንደ ፔኒሲሊን ከሻጋታ የተገኘ አይደለም፣ ፋብሪካ የወለደው ነው፣ በሕክምና የታወቀውም በ1930ዎቹ ነው፣ ቢሆንም የሚቆርጠው ኢንዛይም ያላቸው ተገኝተዋል።

ትንሽ ነው ላልከው ደግሞ እዚህ ላይ ነው ልቤ የሚሰበረው። በ2011 የወጣ ጥናት ባክቴሪያን ለማስቆም ከሚያስፈልገው መጠን እስከ 230 ጊዜ ያነሰ አንቲባዮቲክ እንኳ መድኃኒት የተላመደችውን ካልተላመደችው አስበልጦ እንደሚያበዛ አሳይቷል። ማለት አትሞትም፣ አትታመምም፣ ግን ውድድሩ ቀስ እያለ ወደ ተላመዱት ያዘነብላል። ይሄ ቀን ከሌት ዓመቱን ሙሉ ወንዝ ውስጥ ሲሆን አስበው። በ2019 ብቻ መድኃኒት በተላመዱ ባክቴሪያዎች ቀጥተኛ ምክንያት 1.27 ሚሊዮን ሰው ሞቷል ተብሎ ተገምቷል።

አዲስ_ገቢ፦
አመሰግናለሁ፣ አሁን ገባኝ። እንዲህ በቀላሉ ያስረዳኝ ሰው አልነበረም።

ቀለበት_ሰባሪ፦
ስለ መቁረጡ ልጨምር፣ ምክንያቱም መተባበሩ ለምን እንደሚያስፈልግ ከዚህ ይጀምራል። ሰልፋሜቶክሳዞል ሁለት ቀለበት ነው፣ መሃል ላይ በሰልፈርና በናይትሮጅን የተያያዙ። ሳድ-ኤ (ቆራጩ ኢንዛይም) አንደኛው ቀለበት ላይ ሰልፈሩ የተጣበቀበት ካርቦን ላይ ኦክስጅን ያስገባና ሞለኪውሉ እዛው ይበተናል። በዚህ ጊዜ ሦስት ነገር ይወጣል፦ በመጨረሻ 4-አሚኖፌኖል የሚሆነው ግማሽ፣ ሰልፋይት፣ እና 3-አሚኖ-5-ሜቲልአይሶክሳዞል የሚባል ሌላኛው ቀለበት። አሚኖፌኖሉን ሳድ-ቢ የሚባል ሌላ ኢንዛይም ይቀበልና ወደ ትራይሃይድሮክሲቤንዚን ቀይሮ ባክቴሪያዋ እንድትበላው ያደርጋል፣ ሳድ-ሲ ደግሞ ለሁለቱም የሚያስፈልገውን ፍላቪን የሚባል ረዳት ሞለኪውል እያደሰ ያቀብላል።

አይሶክሳዞሉስ? ቁጭ ይላል። እነ ማይክሮባክቴሪየም ቢ-አር-1 የሚባሉት ባክቴሪያዎች ሰልፋውን በደንብ ይቆርጣሉ ግን ያንን ቀለበት አይነኩትም። መለኪያ ማሽኑ ላይ ሰልፋው ዜሮ ነው ብለን የምንደሰትበት ጊዜ ውሃው ውስጥ የሞለኪውሉ ግማሽ አለ ማለት ነው። ስለዚህ ሌላ ጓደኛ ያስፈልጋታል፣ ለምሳሌ ፓይናርትሮባክተርና ኖካርዲዮይደስ የሚባሉ ባክቴሪያዎች አንድ ላይ ሲሠሩ የታዩት ለዚህ ነው፣ የመጀመሪያዋ ትቆርጣለች ሁለተኛዋ የተረፈውን አይሶክሳዞል ታነሳለች። አንዷ የሁሉንም እርምጃ ኢንዛይም ተሸክማ ብትሄድ ሸክሙ ይከብዳታል፣ ቶሎ በምታድግ ጎረቤት ትበለጣለች። ሥራው ሲከፋፈል ግን እያንዳንዷ ትንሽ ነው የምትሸከመው፣ መሃል ላይ የሚወጣው መርዝም ሳይጠራቀም ይነሳል።

@ዝቃጭ_አጥኚ ያንቺ ቅልቅል ውስጥ አይሶክሳዞሉ ይጠፋል ወይስ ይቀራል? ለክተሻል?

ዝቃጭ_አጥኚ፦
@ቀለበት_ሰባሪ አልለካሁም... እስከ ዛሬ የለካሁት ሰልፋውን ብቻ ነው። ይሄን ጽሑፍህን ሳነብ ደነገጥኩ እውነቴን ነው። ስታንዳርድ (ለማነጻጸሪያ የሚሆን ንጹህ አይሶክሳዞል) የለኝም፣ ማዘዝ አለብኝ።

ገንዳ_ጠባቂ፦
እኔ ተመራማሪ አይደለሁም፣ 19 ዓመት ፍሳሽ ማጣሪያ ላይ የሠራሁ ኦፕሬተር ነኝ፣ እና ከገንዳው ዳር ቆሜ የማየውን ልንገራችሁ። ይሄ አክቲቬትድ ስላጅ የምንለው፣ አየር እየተነፋለት ባክቴሪያ የሞላበት ዝቃጭ ፍሳሹን የሚያጣራበት ዘዴ በ1914 ማንቸስተር ላይ አርደርንና ሎኬት ያወጡት ነው፣ የተሠራው ለሰው ቆሻሻ ነው፣ ለካርቦን ከዛም ቆይቶ ለናይትሮጅን፣ መድኃኒት ላጣራ ብሎ ያሰበ ሰው አልነበረም። ውሃው ገንዳው ውስጥ የሚቆየው ሰዓታት ነው፣ ቀናት አይደለም። ላብ ውስጥ በሳምንት ያለቀ ነገር እኔ ጋ ጊዜ የለውም።

ከጥቂት ዓመት በፊት አለቆቻችን ባክቴሪያ ያለበት ዱቄት ገዙ፣ የድርጅቱን ስም አልጠራም፣ አንቲባዮቲክም ኬሚካልም ሁሉን ይበላል ተብሎ ነበር የመጣው። ጨመርነው፣ መጀመሪያ ሳምንት አካባቢ የሆነ መሻሻል ያየን መሰለን፣ ከዛ ምንም። ማይክሮስኮፕ ስር ሳይ እነዛ ትንንሾቹ ባክቴሪያ በል ፕሮቶዞዋዎች ወፍረው ወፍረው ነበር፣ የገዛነውን ባክቴሪያ እየበሉት ነበር እኮ! ያልተበላውም ከትርፍ ዝቃጩ ጋር ታጥቦ ሄደ። አዝኜ ነበር በጣም፣ ያ ገንዘብ ለአየር ንፋሹ ጥገና ቢውል ብዙ ይጠቅመን ነበር።

ሌላ ደግሞ፣ አንድ ጊዜ ለጥናት የመጡ ልጆች መግቢያና መውጫ ላይ ለክተው መውጫው ላይ ሰልፋው ከመግቢያው በለጠ አሉን፣ እኛ ሳምፕል ተምታታባችሁ ብለን ተቆጣናቸው። እስቲ ይሄን የሚያስረዳኝ ካለ?

ሁለት_ኮሎኒ፦
አባባ @ገንዳ_ጠባቂ ልጆቹ ልክ ሊሆኑ ይችላሉ። ሰውነታችን ሰልፋሜቶክሳዞሉን ትልቁን ድርሻ አሴቲል የሚባል ትንሽ ኬሚካላዊ ቅጥያ ለጥፎበት ነው በሽንት የሚያስወጣው። መግቢያው ላይ የሚመጣው ያ የተለጠፈበት ስለሆነ ማሽኑ እንደ ሰልፋ አይቆጥረውም። ገንዳው ውስጥ ግን ባክቴሪያዎች አሴቲሉን ይነቅሉታል፣ ተመልሶ ሰልፋ ይሆናል። መጥፋት ብቻ ሳይሆን መመለስም አለ ማለት ነው፣ ስለዚህ ሁለቱን አብሮ መለካት የግድ ነው።

ስለ ዱቄቱ ያሉት ደግሞ የዚህ ሙያ ትልቁ ቁስል ነው። ላብ ያደገች ባክቴሪያ ገንዳ ውስጥ ስትገባ የሚበላት አለ፣ የሚሻማት አለ፣ አጋዧ ደግሞ የለችም። ብቻዋን ነው የጣልናት። ለዚህ ነው አንዷን ሳይሆን ቡድኑን፣ ያውም ቀድሞ በተጣበቀ ባዮፊልም (ባክቴሪያዎች ተጣብቀው የሚሠሩት አተላ) ወይም ጄል ኳስ ውስጥ ይዞ ማስገባት የሚሻለው የምለው። የሚጣበቁበት ቤት ካላቸው አይታጠቡም፣ ፕሮቶዞዋውም በቀላሉ አያገኛቸውም።

ጥያቄ_አለኝ፦
ሁላችሁም በጥሩ ልብ ነው የምታወሩት ግን አንድ የሚያስፈራ ነገር እየዘለላችሁ ነው። እነዚህ ባክቴሪያዎች ሰልፋ ውስጥ ቆመው መብላት የቻሉት የተላመዱ ስለሆኑ ነው። ከላይ ራሳችሁ ሰል-1 ብላችኋል፣ እሱ ጂን ደግሞ ከባክቴሪያ ወደ ባክቴሪያ በሚዘዋወሩ ኢንቴግሮን በሚባሉ ነገሮች ላይ ተቀምጦ የሚዞር የታወቀ ጂን ነው። ቴትራሳይክሊን ላይም ቴት-ኤክስ የሚባለው መድኃኒቱን የሚያበላሽ ኢንዛይም ነው፣ ሐኪም ቤት ስታገኙት ሬዚስታንስ (መላመድ) ትሉታላችሁ፣ ውሃ ማጣሪያ ላይ ስታገኙት ደግሞ ማጽዳት ትሉታላችሁ። አንድ ዓይነት ጂን እኮ ነው! መድኃኒቱን እያጠፋን መላመዱን በወንዙ ብናሰራጨው ማንን ጠቀምን?

እኔ የምጠይቀው ከወንድሜ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ነው። ቀላል ነው የተባለ ኢንፌክሽን ሦስት ዓይነት መድኃኒት ተቀይሮለት ነው የዳነው። ስለዚህ ይሄ ለኔ የወረቀት ክርክር አይደለም።

ቀለበት_ሰባሪ፦
@ጥያቄ_አለኝ ወንድምህ እንኳን ተረፈልህ። ያነሳኸው ትክክል ነው፣ ላስተባብልህ አልሞክርም። እኔ የምስማማው እነዚህ ቡድኖች ወደ ወንዝ የሚለቀቁ ነገሮች መሆን የለባቸውም በሚለው ላይ ነው። የተዘጋ ሪአክተር ውስጥ፣ ከኋላው ባክቴሪያ የማያሳልፍ ሜምብሬን ተደርጎ፣ በመጨረሻ ደግሞ ውሃው በአልትራቫዮሌት ታክሞ መሆን አለበት። ሜምብሬንም ሆነ አልትራቫዮሌት የተንሳፈፈ ዲኤንኤን ሙሉ በሙሉ አያስቀርም፣ ስለዚህ ጂኑንም መቁጠር የምርመራው አካል ይሁን። ከሰልፋው፣ ከአይሶክሳዞሉና ከጂኑ አንዱ እንኳ ካልተለካ ሠራ አንበል።

ቦታው ደግሞ ወሳኝ ነው። የከተማ ፍሳሽ ውስጥ መድኃኒቱ በማይክሮግራም ነው፣ ባክቴሪያዋ በሱ ብቻ መኖር አትችልም። ፋብሪካ በር ላይ ግን ሌላ ነው። ሕንድ ውስጥ ሃይደራባድ አጠገብ ፓታንቼሩ የሚባል ቦታ 90 የሚሆኑ መድኃኒት አምራቾች ፍሳሻቸውን የሚልኩበት ማጣሪያ ነበር፣ በ2007 እነ ላርሰን መውጫው ላይ ሲለኩ ሲፕሮፍሎክሳሲን የሚባለውን አንቲባዮቲክ በሊትር እስከ 31 ሚሊግራም አገኙ። መድኃኒቱን የዋጠ ሰው ደም ውስጥ ከሚገኘው በላይ ነው። መላመድን አያበረታታም ተብሎ በተመራማሪዎች የቀረበው ገደብ በሊትር 0.064 ማይክሮግራም ነው፣ እናንተው አካፍሉት፣ ግማሽ ሚሊዮን ጊዜ ሊጠጋ ምንም አይቀረውም። እዛ በር ላይ ነው መቆም ያለብን፣ እታች ወንዝ ላይ ሳይሆን። የዓለም ጤና ድርጅት እንኳ ስለ አንቲባዮቲክ ፋብሪካ ፍሳሽ የመጀመሪያውን መመሪያ ያወጣው በ2024 ነው፣ ዘግይቷል ግን መጣ።

ጥያቄ_አለኝ፦
ጂኑም ይቆጠር ካልክ ተስማምቻለሁ። እሱን ነበር መስማት የፈለግኩት።

ኦዞን_ይሻላል፦
እኔ ደግሞ ለምን ይሄን ሁሉ ድካም እላለሁ። ስዊዘርላንድ ከ2016 ጀምሮ በሕግ ኦዞን (ሞለኪውል የሚሰብር ጋዝ) ወይም አክቲቬትድ ካርቦን (መድኃኒቱን የሚመጥ ከሰል) በተመረጡ ማጣሪያዎች ላይ እያስገባች ነው፣ መለኪያው 80 በመቶ ማስወገድ ነው። የአውሮፓ ኅብረትም አዲሱ የፍሳሽ መመሪያ በ2025 መጀመሪያ ሥራ ላይ ውሏል፣ ከወጪው ቢያንስ 80 በመቶውን የመድኃኒትና የኮስሞቲክስ አምራቾች ይክፈሉ ይላል። ኦዞን አይታመምም፣ አይራብም፣ ጓደኛ አይፈልግም። ደቂቃዎች ውስጥ ይጨርሳል።

ገንዳ_ጠባቂ፦
ልጄ ኦዞን ጥሩ ነው፣ አልጠላውም። ግን ኤሌክትሪኩን ማን ይከፍላል? መብራት በጠፋ ቁጥር የሚቆም ነገር ነው፣ ኦዞን ማመንጫው ራሱ ሠልጣኝ ሰው ይፈልጋል። ባክቴሪያ ግን ገንዳው ውስጥ ካለች አለች።

ሁለት_ኮሎኒ፦
እኔም ልጨምርበት፣ @ኦዞን_ይሻላል ኦዞን ሞለኪውሉን ይሰብረዋል እንጂ ሁሉን ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ አይቀይረውም፣ ስብርባሪ ይቀራል። ስዊዘርላንድ ውስጥ ከኦዞኑ ቀጥሎ የአሸዋ ማጣሪያ የሚደረገው ለምን ይመስልሃል? አሸዋው ላይ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ስብርባሪውን እንዲበሉ ነው። እዛም ቢሆን የሚጨርሱት እነሱ ናቸው። ስለዚህ ኦዞን ወይስ ባክቴሪያ ብለን አንጣላ፣ ኦዞኑ ራሱ የቡድኑ አባል ነው።

ኦዞን_ይሻላል፦
የአሸዋውን ነገር እንደዛ አስቤው አላውቅም ነበር። እሺ፣ ለካርቦኑም ይሠራል ይሄ ነገር፣ የቆየ ካርቦን ላይ ባዮፊልም ይበቅላል።

ፈንገስ_ወዳጅ፦
ዘግይቼ መጣሁ ግን አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። ሁላችሁም ሰልፋ ሰልፋ ትላላችሁ፣ ሰልፋ ከቀላሎቹ ነው። እነ ሲፕሮፍሎክሳሲን ላይ ሞክሩት እስቲ፣ ካርቦንና ፍሎሪን የተያያዙበት ቦንድ በኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ከጠንካሮቹ አንዱ ነው። ገንዳ ላይ ጠፋ የሚባለው ሲፕሮ ብዙው አልተበላም፣ ዝቃጩ ላይ ተለጥፎ ነው፣ ዝቃጩ እርሻ ላይ ሲበተን አብሮ ይሄዳል። ላብሪስ ፖርቱካለንሲስ ኤፍ-11 የምትባል ባክቴሪያ አለች ፍሎሪን ያለባቸውን ነገሮች የምትሞክር፣ ግን ሌላ ምግብ አብሮ ሲሰጣት ነው። ግሎዮፊለም ስትራያተም የሚባለው እንጨት አበስባሽ ፈንገስ ደግሞ በ1990ዎቹ ነው ኤንሮፍሎክሳሲንና ሲፕሮፍሎክሳሲንን እንደሚሰብር የታየው። ስለዚህ ቡድን ስትሠሩ ባክቴሪያ ብቻ አታድርጉት፣ ፈንገስም ቦታ ይኑረው። ለያንዳንዱ መድኃኒት ደግሞ ሌላ ሌላ ቡድን ነው የሚያስፈልገው፣ ሁሉን የሚበላ ዱቄት አለኝ የሚላችሁን ሰው አትመኑ።

ዝቃጭ_አጥኚ፦
ከ3 ሳምንት በኋላ ተመለስኩ፣ የደረስኩበትን ላሳውቃችሁ ብዬ ነው። መጀመሪያ @ሁለት_ኮሎኒ ከነገርከኝ ታሪክ ተነስቼ የሳድ-ኤን ጂን በፒ-ሲ-አር (ጂን መኖሩን በሚያሳይ ምርመራ) ፈለግኩት፦ ጎላ ብላ የምትወጣው ባክቴሪያ ውስጥ የለም፣ ቅልቅሉ ውስጥ ግን አለ! ፔትሪ ላይ ጭራሽ የማትታይ ሌላ አለች ማለት ነው። ከዛ ጎላ ያለችዋን ለብቻዋ አሳድጌ ሴሎቿን በማጣሪያ አስቀርቼ ውሃውን ብቻ አዲስ ፔትሪ ውስጥ ጨመርኩ፣ ከቅልቅሉ ትንሽ ዘረጋሁበት። በ9ኛው ቀን ቁንጫ የሚያክሉ፣ ቢጫ ቢጫ የሚሉ፣ ከዚህ በፊት አይቻቸው የማላውቃቸው ነጠብጣቦች ወጡ። ብርሃን ላይ ይዤ እስካላየሁ ድረስ አላመንኩም። ጓደኛዋ የምትለቀው የሆነ ነገር አለ፣ ቫይታሚን ይሁን ሌላ ገና ነው፣ እሱ ሲኖር ትበቅላለች፣ ሳይኖር አትበቅልም።

አማካሪዬ ሳህኖቹን ለረጅም ጊዜ ሲያይ ቆየና ንጹህ ስትሬይን የሚለውን ነገር ለጊዜው ተይው፣ ሁለቱን አንድ ላይ ጻፊያቸው አለኝ።

የአይሶክሳዞሉ ስታንዳርድም ደረሰልኝ። ለካሁት። @ቀለበት_ሰባሪ ልክ ነበርክ፣ ሰልፋው ዜሮ በሆነበት ጠርሙስ ውስጥ አይሶክሳዞሉ ሙሉውን ቁጭ ብሏል፣ አንድም አልተነካም። 4 ወር ሙሉ ሠራ ስል የነበረው ግማሽ ሥራ ነው። አሁን ከዛው ገንዳ አዲስ ዝቃጭ አምጥቼ በዚህ ጊዜ አይሶክሳዞሉን ብቻ እየመገብኩ ሦስተኛዋን መፈለግ ጀምሬያለሁ፣ ዛሬ 5ኛ ቀኑ ነው፣ ገና ምንም የለም።

ገንዳ_ጠባቂ፦
ልጄ ዝቃጩን ከአየር ገንዳው ብቻ አትውሰጂ። ዝቃጩ ወደ ገንዳው ከሚመለስበት ቱቦና ከግድግዳው ላይ ከተጣበቀው አተላም ቧጭረሽ ጨምሪበት፣ ቀስ ብለው የሚያድጉት እዛ ነው የሚቀመጡት።

ዝቃጭ_አጥኚ፦
አባባ ግድግዳውን አላሰብኩትም ነበር፣ ነገ ጠዋት እሄዳለሁ።